የጨካኝ አርቢ ደመወዝ ከፋዮች

ይህ ተግሣጽ ለአርቢው አይደለም። አርቢው የሚሠራው ለገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ሲቋረጥ ሥራውንም ያቋርጣል። ተግሣጹ ለእናንተ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በላስ ቬጋስ ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ እየኖራችሁ፣ በስልካችሁ ላይ አንድ ፎቶ አይታችሁ፣ በአንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ለማታውቁት ሰው 30 ዶላር ከፍላችሁ፣ የአምስት ሳምንት ጥንቸል በጫማ ካርቶን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ለገባችሁ ወላጆች ነው። ጨካኞች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። የምገሥጻችሁም ስለዚህ ነው፤ ጨካኝ ሰው ተግሣጽ አይሰማም።

ነገሩ የሚብሰው በጸደይ ነው። የምዕራባውያኑ ፋሲካ ሲቃረብ ሱቁ ሁሉ በጥንቸል ሥዕል ይሞላል፤ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ቀለም የተቀባ እንቁላል ፍለጋ ያሰማራቸዋል፤ ልጃችሁም የክፍል ጓደኛው ጥንቸል እንደተገዛለት ሰምቶ ይመጣና "ለእኔስ?" ይላል። የእኛ ፋሲካ በግና ዶሮ እንጂ ጥንቸል አያውቅም። ቢሆንም ልጁን አልወቅስም፤ ልጅ ያየውን ይመኛል። የምወቅሰው ያን ምኞት ሳያድር ለማሟላት ስልኩን የመዘዘውን ትልቅ ሰው ነው።

አርቢው ይህን ሰሞን ከእናንተ ይልቅ አስልቶ ጠብቆታል። ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. የ2026ን የእነሱን ፋሲካ እንውሰድ፤ ቀኑ ኤፕሪል 5፣ በእኛ የሆሳዕና ዕለት ነው። ግልገል ከእናቷ ልትለይ የሚገባት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሲሞላት ስለሆነ፣ ለዚያ ቀን ግልገል ለማድረስ የሚፈልግ አርቢ እናቲቱን ማስጠቃት ያለበት በገና ማግስት ነው። ኃላፊነት የማይሰማው ግን እስከ አስተርእዮ ማርያም ድረስ ቢቆይም አይጨንቀው፤ በአምስት ሳምንቷ ይሸጣታላ! የሦስት ሳምንት መኖ ይተርፈዋል፤ ጎጆው ቶሎ ይለቀቅለታል፤ ከሁሉም በላይ የአምስት ሳምንት ግልገል ለዐይን ታምራለች። ስምንት ሳምንት ሲሞላት ጆሮዋ ይረዝማል፣ እግሯ ይመዘዛል፣ ከፎቶው ላይ የነበረችው ጥጥ የመሰለች ነገር አትሆንም። ከግልገሏ ዕድሜ ሦስት ሳምንት የቀነሰው የእናንተን ዐይን አውቆ ነው።

ሦስት ሳምንት ምን ዋጋ አለው የሚል ካለ ይስማ። የጥንቸል ጤና ያለው አንጀቷ ውስጥ ነው። ሣርና ድርቆሽ የሚያብላሉላት ጥቃቅን ተሕዋስያን በዚያ ዕድሜዋ ገና አልተደላደሉም፤ የእናቷ ወተትም ገና ከለላዋ ነው። ወተቱ በድንገት ሲቋረጥ፣ የመኪናው ጉዞ፣ የማታውቀው ቤትና የማታውቀው መኖ ሲደራረብባት አንጀቷ ይታወካል። በቆሸሸ ጎጆ ያደገች ከሆነች ደግሞ ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ውስጧ ሊኖር ይችላል፤ የሚበረታውም ጡት በምትጥልበት በዚያው ሰሞን ነው። ተቅማጥ ይጀምራታል። ሰውነቷ እፍኝ የማይሞላ ነውና ጊዜ የላትም፤ ሰኞ ደህና የነበረች ረቡዕ ትሞታለች።

ከዚያ ምን ታደርጋላችሁ? ለሻጩ "ሞተችብን" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እሱም "አዝናለሁ፣ ሌላ በግማሽ ዋጋ ልስጣችሁ" ይላችኋል። እናንተም ልጁ እንዳያለቅስ ብላችሁ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ። አንዷን የገደለባችሁን ሰው በሁለተኛ ግዢ ሸለማችሁት። ከመጀመሪያው ግዢ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ይከፋል፤ የመጀመሪያውን ሳታውቁ አድርጋችሁት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን እያወቃችሁ ነው።

ሻጩ የሚነግራችሁንም እንመርምር። "ድንክ ናት፣ አታድግም" ይላል። በዚያ ዕድሜ የማታንስ ጥንቸል የት አለች? የፍሌሚሽ ጃይንት ግልገል እንኳ በአምስት ሳምንቷ በሕፃን ክንድ ትታቀፋለች፤ ስታድግ ግን ከ6 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ኔዘርላንድ ድዋርፍ የሚባለው እውነተኛው ድንክ ዝርያ አለ፤ ሲያድግ ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም። እሱም ቢሆን የራሱ መዘዝ አለው። የድንክነትን ጂን የያዙ ሁለት ወላጆች ሲዳቀሉ ከግልገሎቹ በአማካይ አንድ አራተኛው ጂኑን ከሁለቱም ወርሰው ይወለዳሉ፤ እነዚህ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። "ከዚህም ያነሰች የለችም ወይ?" ብላችሁ በጠየቃችሁ ቁጥር ያን ሒሳብ ትገፉታላችሁ። ጆሮዋ የተንጠለጠለውንም ስታማርጡ እንዲሁ ነው፤ የታጠፈው የጆሮ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ቆሻሻ ያቁራል፣ ይመግላል። ለእናንተ ያማረው ለእሷ ሕመም ነው።

"ሁለቱም ሴት ናቸው፣ ውሰዷቸው፣ ይጫወታሉ" ይላል። የአምስት ሳምንት ጥንቸል ፆታ መለየት ለለመደ ሰው እንኳ ያሳስታል፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ ጨርሶ አያየውም። ጥንቸል በአራትና በአምስት ወሯ ለመውለድ ትደርሳለች። እህትማማች ያላችኋቸው እህትና ወንድም ሆነው ይገኛሉ። በአንድ ጥዋት ከጎጆው ጥግ በተነጨ ፀጉር መሐል ስድስት ሰባት ዕርቃናቸውን የተወለዱ ግልገሎች ታገኛላችሁ። ጥንቸል በወለደች ዕለት መልሳ መፀነስ እንደምትችል የነገራችሁ የለምና ወንዱን ሳታወጡት ትቆያላችሁ፤ ከ31 ቀን በኋላ ሌላ ይደገማል። የአርቢው ጥፋት በእናንተ ሳሎን ውስጥ ቀጠለ ማለት ነው።

"ካሮትና የታሸገውን እንክብል መኖ ስጧት፣ በቂዋ ነው" ይላል። ውሸት ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ የሚሞርደው በዋናነት ድርቆሽ ማኘክ ነው። ከምትበላው አምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ መሆን አለበት። ይህ ሲጓደል የመንጋጋ ጥርሷ እንደ ቢላ ይሾልና ምላሷንና ጉንጯን ይቆርጠዋል፤ መብላት እየፈለገች መብላት ያቅታታል። ካሮት ስኳር የበዛበት ነው፤ አልፎ አልፎ የሚቀመስ እንጂ ምግቧ አይደለም። በአንዳንዶቹ ደግሞ ጥፋቱ የአመጋገብ ብቻ አይደለም፤ የላይና የታች ጥርሳቸው የማይገጥም ሆነው ይወለዳሉ። ደህና አርቢ እንዲህ ያለችውን ጥንቸል ለዘር አያስቀርም። ደንታ የሌለው ያስጠቃታል። እናንተም ጥርሷን በየጥቂት ሳምንቱ የሚቆርጥላት ሐኪም ፍለጋ ዕድሜዋን ሙሉ ትዞራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ሰበባችሁ ልምጣ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያምረው እሱ ነውና። "ያየሁት ቦታ ያሳዝን ነበር፤ ጎጆው በሽንት ይከረፋል፣ አንዷ ጆሮዋ በእከክ ተሸፍኗል፣ አንዷ አፍንጫዋ ይዝረበረባል። ጥዬ መሄድ አንጀቴ እንቢ አለኝ። ላድናት ብዬ ገዛኋት።" ይህን የሚሉ ሰዎች ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ። በጎ ያደረጉ ይመስላቸዋል። እኔም የምላቸው ይህ ነው፦ ያደረጋችሁት ማዳን አይደለም፤ ግዢ ነው።

በሻጩ ቦታ ሆናችሁ ቁጠሩት። አንዲት እናት ስድስት ግልገል ብትወልድ እያንዳንዳቸው በ30 ዶላር 180 ዶላር ናቸው። ሁለቱ ቢሞቱ 120 ይቀረዋል። ሐኪም ጋ ቢወስዳቸው ትርፉ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ስለዚህ አይወስድም። የታመመችውን ማንም ባይገዛት ኖሮ በሽታዋ ኪሳራው ይሆን ነበር፤ ኪሳራ ደግሞ ጎጆ እንዲያጸዳ፣ ድርቆሽ እንዲገዛ፣ የሚያስጠቃትን ቁጥር እንዲቀንስ ያስገድደዋል። እናንተ ግን መጣችሁና ለታመመችው ከደህናዋ እኩል ከፈላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ሳትከራከሩ ከፈላችሁ፤ ያዘነ ሰው ዋጋ አይከራከርምና። ሻጩ ከእናንተ የተማረው ቁም ነገር በሽታም እንደሚሸጥ ነው። ያወጣችኋት አንዲት ጥንቸል በነበረችበት ጎጆ ውስጥ በወሩ ሌላ ትገባበታለች፤ እናቲቱም ከዚያው ከጎጆው የሽቦ ወለል ላይ ሳትወርድ እንደገና ታረግዛለች። እሷን ማን አዳናት? እግሯ በሽቦ ተልጦ የቆሰለውን፣ ፀሐይ ያላየችውን፣ በየወሩ የምትወልደውን እናት ማንም "ላድናት" ብሎ አይገዛትም፤ ለሽያጭ አትቀርብማ!

ርኅራኄ እንባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ርኅራኄ አእምሮም ይጠይቃል። እንዲያ ያለ ቦታ ያየ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይመልሳል፤ ያየውን ፎቶ ያነሳል፤ አድራሻውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ለካውንቲው አኒማል ኮንትሮል ደውሎ ይናገራል። ይህ ግን በዚያኑ ሰዓት የምትታቀፍ ጥንቸል አያስገኝም፤ ለልጁ ይዞት የሚገባው ነገርም የለም። ስለዚህ ሰው መክፈሉን ይመርጣል። እንግዲያው እውነቱን እንነጋገር፤ የፈለጋችሁት የእሷን መዳን ነበር ወይስ የራሳችሁን መጽናናት?

"ሕግ ቢከለክል ኖሮ አንገዛም ነበር" የሚሉም አሉ። ሕጉማ አለ፤ ወንፊት ነው እንጂ። የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ነገር ግን ለቤት እንስሳነት የሚሆን ጥንቸል ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ የሚሸጥ ሰው በአብዛኛው ከፌዴራሉ ፈቃድና ፍተሻ ነጻ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 መግቢያ ጀምሮ የእንስሳት መሸጫ ሱቆች ከአርቢ ያመጡትን ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ሱቆቿ ሦስቱን እንዳይሸጡ አደረገች። እነዚህ ሕጎች ሱቁን ይዘጋሉ እንጂ መኪና ማቆሚያውን አይዘጉም። ፌስቡክና ክሬግስሊስት የእንስሳት ሽያጭ አይፈቀድም ይላሉ፤ ሻጩ ግን "ሪሆሚንግ ፊ" የሚል ስም ይሰጠውና ያልፋል። በየወሩ አዲስ ግልገል የሚያወጣ ሰው "ለቤት ማዛወሪያ" ሲላችሁ ምን እያዛወረ እንደሆነ ይጠፋችኋል? አይጠፋችሁም። ሕግ ያልደረሰበት ቦታ ላይ የሚቆመው ኅሊና ብቻ ነው፤ እናንተም በዚያ ቦታ ቆማችሁ ከፈላችሁ።

"አላወቅንም" ማለትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሀውስ ራቢት ሶሳይቲ ስለ ጥንቸል አያያዝ ሰው ማስተማር ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የኦሃዮዋ ኮሎምበስ የጥንቸል ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ2002 የፋሲካ ጥንቸል የምትፈልጉ የቸኮሌቷን ግዙ የሚል ዘመቻ አስጀምረዋል፤ ዛሬም ድረስ በየጸደዩ ይነገራል። ስለ አንድ ያገለገለ መኪና ታሪክ ለማወቅ ሦስት ሌሊት የምትመረምሩ ሰዎች ናችሁ። ነፍስ ላለው ነገር ሦስት ደቂቃ አጣችሁ? አለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ላለማወቅ መምረጥ ሌላ ነው። ጲላጦስም እጁን ታጥቦ ነበር፤ መታጠቡ ግን ፍርዱን አልለወጠውም።

"ለልጄ ኃላፊነት ላስተምረው ብዬ ነው" የምትሉ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስቡ። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ለስምንት ዓመት ልጅ የተገዛች ጥንቸል ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ገና በሕይወት ልትኖር ትችላለች። በመሐል ድርቆሹን የሚሞላው፣ ሽንቱን የሚጠርገው፣ ሐኪም ጋ የሚያመላልሰው ማን ነው? የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባችው እናት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለው አባት ነው። ኃላፊነትን ለልጅ የምታስተምሩት ልጁ ሊሸከመው የማይችለውን በመጫን አይደለም። ጥንቸል ደግሞ እንደ ውሻ መታቀፍ የምትወድ እንስሳ አይደለችም፤ በዱር ስትታደን የኖረች ፍጡር ናትና ከመሬት ሲያነሷት አዳኝ የያዛት ይመስላታል። ልጁ አለአግባብ ሲይዛት በፍርሃት ስትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ልጁ ይህን ቢያይ ዕድሜውን ሙሉ የሚረሳው አይደለም። በወሩ ሰልችታው ወደ በረንዳ ብትወጣ፣ ከዚያም አንድ ቀን "ሰጠናት" ብትሉት፣ ያስተማራችሁት ትምህርት ምንድን ነው? ነፍስ ያለው ነገር ሲሰለች እንደሚጣል ነው። በዚህ ትምህርት ልጁ አንድ ቀን በእናንተው ሽምግልና ላይ ሊሠራበት ይችላል።

የቤታችሁንም ነገር አስቀድማችሁ አልመረመራችሁም። የአፓርታማ ኪራይ ውላችሁ የቤት እንስሳ ይፈቅዳል? ብዙ ጊዜ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ጥንቸሏ ተደብቃ በልብስ መስቀያ ክፍል ትኖራለች። በአቅራቢያችሁ ያለው ክሊኒክ ጥንቸል ያክማል? ውሻና ድመት የሚያዩ ብዙ ሐኪሞች ጥንቸል አያዩም። የምትታደን እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዝም ብላ ጥግ ስትይዝ "ጨዋ ናት" ትላላችሁ፤ እሷ ግን እየሞተች ነው። ጥንቸል ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ሥራ ሊያቆም ይችላልና ድንገተኛ ሕክምና ያሻታል፤ "እስከ ነገ እንያት" አይባልም። ከዚህም የከፋው፣ አንዳንዱ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ፈልጎ ይሰጣታል። አሞክሲሲሊን በአፏ የተሰጣት ጥንቸል የአንጀቷ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያልቅና ትሞታለች። ሰውን የሚያድነው እሷን ይገድላል።

ሲከብዳችሁም መውጫ ብላችሁ የምታስቡት መናፈሻው ነው። "ሣር አለ፣ ሌሎችም ጥንቸሎች አሉ" ትላላችሁ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሣር ላይ ስትሮጥ የምታዩት ኮተንቴል የሚባል የዱር ዝርያ ናት፤ የእናንተዋ ከአውሮፓ ጥንቸል የመጣች፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በሰው እጅ የኖረች ሌላ ፍጡር ናት። አይዳቀሉም፤ አንዷም ለሌላዋ መሸሸጊያ አታሳይም። ነጭ ፀጉሯን ጭልፊት ከሩቅ ያየዋል። በላስ ቬጋስ አንድ የመንግሥት የአእምሮ ሕክምና ግቢ ሰዎች የጣሏቸው ጥንቸሎች ተራብተው በመቶዎች ሆነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥንቸሎች ሞተው ተገኙ፤ ተመርዘው እንደሆነም ተዘገበ። የእነዚያ ሁሉ መነሻ በአንድ ወቅት ሰው ገዝቶ የጣላቸው ጥንቸሎች ነበሩ።

ከእናንተ ብዙዎች ጾመኞች ናችሁ። የእነሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን ነው። ሥጋና ወተት ትታችሁ፣ ከቅዳሴ ወጥታችሁ፣ በዚያው በሰንበት ከሰዓት በኋላ ነው ካርቶኑን የተቀበላችሁት። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተቆጥራለችና ሥጋዋን በልታችሁ አታውቁም፤ ብትራቡም አትበሉትም። ሥጋዋን ትጠየፋላችሁ፤ ስቃይዋን ግን በ30 ዶላር ገዛችሁት። ጾም ከሆድ ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው?

እንግዲህ ከእናንተ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቤታችሁ፣ ውላችሁና ገንዘባችሁ ለአሥር ዓመት የሚፈቅድ ከሆነ መጀመሪያ የእንስሳት መጠለያውን ተመልከቱ። በዚያ ያሉት ብዙ ጊዜ ያደጉ፣ ፆታቸው የታወቀ፣ እንዳይወልዱ የተደረጉ ናቸው፤ ጠባያቸውንም የሚያውቅ ሰው አለ። ያላመከኗት ሴት ጥንቸል ከአራት ዓመቷ በኋላ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በአንዳንድ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ይህ አስቀድሞ መደረጉ ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ ይገባዋል፤ ያለዚያ በግል ክሊኒክ ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል።

ከአርቢ ካልሆነ ካላችሁም ሁሉም አርቢ አንድ አይደለም። ደህናው ይታወቃል። ቤቱ ጠርቶ እናቲቱን ያሳያችኋል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት አይሰጣችሁም። የወላጆቿን ጥርስና ጆሮ ታሪክ ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ስለተዛመተውና ጥንቸልን ድንገት ስለሚገድለው የደም መፍሰስ በሽታ ክትባት ስትጠይቁት አይደናገርም። የለመደችውን መኖ ለሳምንት የሚሆን ይሰጣችኋል። ካልሆነላችሁ መልሳችሁ እንድታመጡለት ይነግራችኋል። ከሁሉም በላይ እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል፦ የት ታኖሯታላችሁ? ማን ያያታል? ሐኪም አላችሁ? መልሳችሁ ካላረካው አይሸጥላችሁም። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቃችሁ ብር የተቀበላችሁ ሰው ግን ጥንቸሏ የት እንደምትሄድ ግድ አልነበረውም፤ ይህ ምልክት ብቻውን ይበቃችሁ ነበር።

የገዛችሁትም አሁን አትሽሹ። ጥፋቱ የተፈጸመው ስትገዙ ነው፤ ብትጥሏት ሁለተኛ ጥፋት ነው። ጥንቸል ወደሚያውቅ ሐኪም በዚህ ሳምንት ውሰዷት፤ ፆታዋን አረጋግጡ፤ ሁለት ከሆኑ እስኪታወቅ ለዩዋቸው፤ ቀንና ሌሊት ድርቆሽ አይለያት፤ በፍጹም አታስወልዷት። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ መጠለያው ደጃፍ ሄዳችሁ፣ ከየት እንዳመጣችኋትና ምን እንዳመማት ሳትዋሹ ተናግራችሁ አስረክቡ። ማፈራችሁ አይቀርም፤ እፍረት ግን ከበረንዳና ከመናፈሻ ይሻላታል።

ያልገዛችሁ ደግሞ ስልኩን ዝጉት። ያ ማስታወቂያ ነገም አለ፤ ሻጩም ነገ ዋጋ ቀንሶ ይጽፍላችኋል፤ "የመጨረሻዋ ናት" ይላችኋል። አይደለችም፤ እናንተ እስከከፈላችሁ ድረስ የመጨረሻ የላትም። ተቆጣጣሪ ያልደረሰበትን፣ ፖሊስ ያላየውን ጎጆ ባዶ ማድረግ የሚችለው ገዢ ያጣ ሻጭ ብቻ ነው፤ ሻጩን ገዢ የማሳጣት ሥልጣን ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። ልጃችሁ ያለቅሳል። ያልቅስ። አንድ ምሽት ልጁን እንቢ ማለት ያቃተው ወላጅ ስለ ርኅራኄ የሚያስተምረው ነገር የለውም።